ሕጉ 55፣ መንገዱ 75፦ የአትላንታው ቀለበት መንገድ ጉዳይ

አትላንታን ዙሪያዋን የሚከባት መንገድ ቁጥሩ 285 ነው። የከተማው ሰው ግን «ፔሪሜትር» ይለዋል። ርዝመቱ 64 ማይል ገደማ ነው፤ ወደ 103 ኪሎ ሜትር። ዙሪያው ተገጣጥሞ ያለቀው በ1969 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቅ በኩል ክላርክስተንንና ዲኬተርን ታክኮ ያልፋል። እዚያ አካባቢ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ስለማይጠፋ፣ አትላንታ የሚኖርና መኪና ያለው ኢትዮጵያዊ 285ን ሳያውቅ አይኖርም። ሥራ በ285፣ ቤተ ክርስቲያን በ285፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ መቀበልም በ285። ደቡብ ላይ እንዲያውም የኤርፖርቱ አምስተኛ ማኮብኮቢያ በመንገዱ አናት ላይ ተሻግሮ ነው የተሠራው። መኪናው ከሥር ይነዳል፣ አውሮፕላኑ ከላይ ይንደረደራል።

ያ ማኮብኮቢያ ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በ2006፣ የቀለበቱ የፍጥነት ወሰን 55 ማይል በሰዓት ነበር። በኪሎ ሜትር 88 መሆኑ ነው። ሰሌዳው በየቦታው ቆሟል፤ አላየሁም የሚያስብል አይደለም። መንገዱ ገለጥ ሲል ግን በ55 የሚነዳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። 70 የጨዋ ሰው ፍጥነት ነው። በ75 የሚሄደውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግራ ጥግ ባለው ሌን ደግሞ በ75 የሚሄደው ራሱ «ልቀቅ እንጂ!» ተብሎ ከኋላው መብራት ይበራበታል።

በዚያው ዓመት ጥቂት የአትላንታ የኮሌጅ ተማሪዎች ለተማሪዎች የቪዲዮ ውድድር የሚሆን ሐሳብ ያወጣሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሕጉን ብናከብረውስ? እንዲያው ዝም ብለን፣ አንዲት ማይል ሳንጨምር?

መኪኖቻቸውን አስነስተው 285 ገቡ። በየሌኑ አንድ አንድ መኪና አሰለፉ። ጎን ለጎን ተስተካክለው 55 ላይ ረጉ። ካሜራ በመኪኖቹ ውስጥም፣ ከመንገዱ በላይ በሚያልፍ ድልድይ ላይም አቆሙ።

የድልድዩ ምስል ነው ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው። ከተማሪዎቹ ፊት ያለው አስፋልት ባዶ ነው። ከኋላቸው ደግሞ መኪና በመኪና ላይ ተደራርቧል፣ መፈናፈኛ የለም። ክላክሱ ይጮኻል። ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ከመስመር ወጥቶ በመንገዱ ትከሻ ላይ ይበራል፣ ያልፋቸዋል። አራት ጎማው አቧራና ጠጠር ላይ፣ ለተበላሸ መኪና ተብሎ በተተወ ቦታ ላይ! ሁሉም የሆነው ጥቂት ልጆች ሰሌዳው ያላቸውን ስላደረጉ ነው።

ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ቴሌቪዥን ሳይቀር ተቀባበለው። ግማሹ «አበጃችሁ» አለ። ግማሹ «ሰው ልታስጨርሱ ነበር» አለ። ዛሬም ቢሆን ሾፌሮች ቡና ላይ ሲቀመጡ ይህቺ ታሪክ ከተነሣች ጨዋታው ሌላ ርዕስ ያጣል። ብዙ ጊዜ የሚደመደመውም እንዲህ ተብሎ ነው፦ «አየህ፣ ሕግ ማክበር ራሱ አደጋ ነው። ከፍሰቱ ጋር ነው መሄድ።»

እኔ በዚህ መደምደሚያ አልስማማም። ተማሪዎቹ አንድ ነገር በደንብ አሳይተዋል። ያሳዩት ግን ሰው ያየሁት የሚለውን አይደለም።

55 ከየት መጣ?

ቁጥሩ የአትላንታ ቁጥር አይደለም፤ የመንገዱን ጠመዝማዛና ዳገት ለክቶ ያወጣው መሐንዲስም የለም። የመጣው ከነዳጅ ነው።

በጥቅምት 1973 የአረብ አገሮች በእስራኤሉ ጦርነት ሰበብ ነዳጅ ለአሜሪካ አንሸጥም አሉ። የነዳጅ ዋጋ ዓለምን አናወጠ። እኛም ዘንድ የደረሰው ያው ማዕበል ነው፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱት በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጃንዋሪ 2 ቀን 1974 አንድ ሕግ ፈረሙ። በመላ አገሪቱ ከ55 በላይ መንዳት ቀረ። ይህን ያልተቀበለ ክፍለ ግዛት የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ አያገኝም። ዓላማው ቤንዚን ማትረፍ ነው።

በዚያ ዓመት በመንገድ የሚሞተው ሰው በጣም ቀነሰ። በ1973 ከ54 ሺህ በላይ ነበር፤ በ1974 ወደ 45 ሺህ ወረደ። ሰዉ ነዳጅ ስለተወደደበት ጉዞ መቀነሱም አለበት፣ ሁሉንም ለ55 መስጠት አይቻልም። ግን ፍጥነት ሲወርድ ሞት እንደሚወርድ ያየ ሰው ቁጥሩን ቶሎ ልተወው አላለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይሄኛው ግን ነዳጁ ተመልሶም 21 ዓመት አልተፈታም። በ1987 ከከተማ ውጭ ባሉ ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች 65 ተፈቀደ። በ1995 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሽረቱን ሕግ ፈረሙና ክፍለ ግዛቶች ወሰናቸውን በራሳቸው እንዲያወጡ ተተወ።

የአትላንታ ቀለበት ግን በ55 እንደቆመ ቀረ። ሰፊ ነው፣ መስቀለኛ መንገድ የለበትም፣ የትራፊክ መብራት የለበትም፣ እግረኛ አይገባበትም። ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ መንገድ ነው። ከዚያ ዳሩ ላይ 55 የሚል ሰሌዳ ቆመ። ሰው ለቁጥሩ ሳይሆን ለመንገዱ ስፋት ይነዳል። አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በ120 ኪሎ ሜትር ለነዳ ሰው፣ ያንን የሚያህል አስፋልት ላይ በ88 ሂድ ቢባል እግሩ እሺ አይለውም። የአትላንታውም ሾፌር እንደዚያው ነው።

የመንገድ መሐንዲሶች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። መንገዱ ነፃ ሲሆን ሰው በምን ፍጥነት እንደሚነዳ ይለካሉ። ከመቶ ሾፌር 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ይወስዱና የወሰኑን ቁጥር እዚያ አካባቢ ያደርጉታል። ብዙኃኑ ሾፌር ዕብድ አይደለም ከሚል እምነት ነው። ይህ ልማድ የራሱ ችግር አለው፤ ሁሉም በፈጠነ ቁጥር ወሰኑ አብሮ ይወጣል። የቤት ሰፈር መንገድ ላይማ ጭራሽ አይሠራም። ግን በእንደዚህ ያለ ሃይዌይ ላይ ሰሌዳውና የሰዉ ፍጥነት በ20 ማይል ሲራራቁ አንድ የታመመ ነገር እንዳለ ይጠቁማል።

ተማሪዎቹ ያሳዩት ይህንን ነው። ቁጥሩን የሚያምነው እንደሌለ አሳዩ።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል?

አትላንታ ያለችበት የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሕግ ከሰሌዳው ቁጥር ሌላም ነገር ይዟል። በጊዜውና በቦታው ካለው የተለመደ ፍጥነት ዝግ ብሎ የሚሄድ መኪና ቀኝ ሌን ይያዝ ይላል። ልብ በል፤ «ከወሰኑ በታች የሚሄድ» አይልም። መለኪያው ያለው ፍሰት ነው። ሌላው አንቀጽ ደግሞ ለደኅንነት ካልሆነ በቀር የትራፊኩን ጤናማ ፍሰት በሚያደናቅፍ ዝግታ አትንዳ ይላል።

ስለዚህ በ55 የሚነዳው ልጅ፣ ፍጥነቱን በተመለከተ ንጹሕ ነው። ግራ ሌን ላይ ተቀምጦ ሌላውን ማገዱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሕጉን ቃል በቃል አከበርን ያሉት ልጆች ያከበሩት አንዱን አንቀጽ ነው።

ይህን ስል ለፈጣኖቹ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። «ሁሉም በ75 ነበር የሚሄደው» የሚል መልስ ዳኛ ፊት አያድንም። ፖሊሱ ከመንጋው መሃል አንዱን መርጦ ማስቆም ይችላል፤ ለምን እኔን ብቻ የሚለው ክርክር ቲኬቱን አይቀድም። በጆርጂያ ከወሰኑ 19 እስከ 23 ማይል ማለፍ 3 ነጥብ ያስቆጥራል። በ55 ወሰን በ75 የሄደ ሰው እዚያ ውስጥ ነው። በ24 ወር 15 ነጥብ የሞላበት መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። አምስት ጊዜ «ከሰው ጋር» መንዳት ማለት ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ አምስተኛውን አይጠብቅም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጨምራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የከተማና የካውንቲ ፖሊስ በራዳር የያዘውን ሰው ለማስቀጣት፣ ከጥቂት ቦታዎች በቀር (ለምሳሌ ትምህርት ቤት አካባቢና የመኖሪያ ሰፈር)፣ ከወሰኑ ከ10 ማይል በላይ ማለፉን ማሳየት አለበት። ሰዉ «እስከ 10 ይፈቀዳል» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አይፈቀድም። የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ፣ ትሩፐር የሚሉት፣ በዚያ ገደብ አልታሰረም፤ 285 ላይ ደግሞ እሱም አለ።

የትራክ ሾፌሮቻችንን ነገር ለብቻው ላንሣ፤ አትላንታ ውስጥ ሲዲኤል (የትልልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። በፌዴራሉ ደንብ ከወሰኑ 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ለሲዲኤል ባለቤት «ከባድ ጥፋት» ነው። በትራክ ላይ ሳለ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተያዘ 60 ቀን አይነዳም፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 120 ቀን። እንግዲህ ወሰኑ 55 በነበረ ጊዜ ያቺ የጨዋ ሰው 70 ለትራክ ሾፌር ከባድ ጥፋት ነበረች። ትራኩ ደግሞ ከ285 ማምለጫ የለውም። አትላንታ ከተማ ውስጥ ጉዳይ የሌለው ትልቅ ትራክ መሃል ከተማውን ሰንጥቆ እንዳያልፍ ስለሚከለከል ዙሪያውን በ285 ነው የሚሄደው። ቤተሰቡን በዚያ ፈቃድ የሚያስተዳድር ሰው «ከፍሰቱ ጋር» ሲባል የሚሰማው ከእኔ የተለየ ነው።

የፊዚክሱ ሒሳብ

በ55 የሚሄድ መኪናና በ75 የሚሄድ መኪና ጎን ለጎን ናቸው እንበል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ፍሬን አላቸው። ከፊት አንድ ነገር መንገዱ ላይ ወደቀ፤ መሰላል፣ ፍራሽ፣ 285 ላይ የማይወድቅ ነገር የለም። ሁለቱም አይተው እግራቸውን ፍሬን ላይ እስኪያደርጉ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል።

በ55 የነበረው 80 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ75 የነበረው ለመቆም ወደ 130 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህ እንኳ ብዙ ሰው የሚገምተው ነው። የማይገመተው ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያው መኪና ፀጥ ብሎ በቆመባት ነጥብ ላይ ሁለተኛው በስንት እየሄደ ይመስልሃል? በ59 ማይል ገደማ ነው። ፍሬን ረግጦ፣ ጎማው እየጮኸ፣ ጓደኛው ፍሬን ከመያዙ በፊት ከነበረው ፍጥነት በላይ!

ትርፉስ? 10 ማይል መንገድ በ55 ወደ 11 ደቂቃ ይወስዳል። በ75 ስምንት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ ነው የተረፈው፣ እሱንም ኤግዚቱ ሥር ያለው ቀይ መብራት ይወስደዋል።

ግን በተቃራኒው ያለውም ሒሳብ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ በ75 ሲሄድ አንዱ ብቻ በ55 ከሆነ ልዩነቱ 20 ማይል ነው። በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ያህል። 50 ሜትር ኋላ ያለ መኪና ከስድስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጭራው ላይ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ስልኩን ቁልቁል አየት ካደረገ አለቀ። ዝግ ያለውን ሁሉም ሊቀድመው ሌን ይቀይራል፤ ሌን በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ስፖኪዮ ላይ ያልታየ መኪና የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ይህን ሐሳብ የሚደግፍ የታወቀ ጥናት አለ። ዴቪድ ሰለሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1964 ባወጣው ሥራ ከአማካዩ ፍጥነት ብዙ የፈጠነም ብዙ የዘገየም ሾፌር በግጭት ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ አሳየ። ሥዕሉ መሃሉ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ያሉ ጎድጓዳ መስመር ነው። «ከፍሰቱ ጋር ሂድ» የሚሉ ሰዎች ስሙን ባይጠሩትም የሚያወሩት እሱን ነው።

ችግሩ የሰለሞን ጥናት የተሠራው በገጠር መንገዶች ላይ መሆኑ ነው። «ዘገየ» ከተባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ለመታጠፍ ፍጥነት የቀነሱ ወይም ከመገንጠያ ገና የገቡ ነበሩ። ቀጥ ብሎ እየነዳ ዝግ ያለ ሰው አይደሉም። ከዚያ በኋላ በአውስትራሊያ የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 ኪሎ ሜትር ወሰን ባለባቸው የከተማ መንገዶች ላይ ሲያጠኑ የዘገየው ሰው ላይ የተጨመረ አደጋ አላገኙም። የፈጠነው ላይ ግን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጭማሪ ሰው የሚጎዳበት ግጭት ውስጥ የመግባት ዕድሉ በእጥፍ እያደገ ሄደ። ያ የከተማ መንገድ ነው፣ 285 አይደለም። ግን ጎድጓዳው መስመር የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ያሳያል።

ታዲያ የትኛው ፍሰት?

አንድ ነገር ቡና ላይ ተነሥቶ አያውቅም። 285 ላይ አንድ ፍሰት የለም።

ጆርጂያ ውስጥ ሰፋ ባለ ሃይዌይ ላይ ትራክ የሚፈቀዱለት ቀኝ ያሉት ሁለት ሌኖች ናቸው። ስለዚህ ቀኙ በትራክና በሚገባ በሚወጣ መኪና የተሞላ ነው። እዚያ 60 አካባቢ ይኬዳል። መሃሉ 70 ነው። ግራ ጥጉ ሌላ አገር ነው። «ከትራፊኩ ጋር ነው የነዳሁት» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑን ሌን መርጦ፣ እዚያ ያለውን ፍጥነት «ትራፊኩ» ይለዋል። ምርጫውን ያደረገው ሌን ሲይዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰበብ ነው።

ተማሪዎቹም የሰረዙት ይህንን የሌን ምርጫ ነው። አንድ መኪና በቀኝ ሌን በ55 ቢሄድ ትከሻ ላይ የሚበር ሰው አይፈጠርም። ትራኩ ይነጫነጭ ይሆናል፣ ፍሬቻ አሳይቶ ያልፈዋል፣ አለቀ። ያ ሁሉ ትርምስ የመጣው ሁሉም ሌን ባንድ ጊዜ ስለተዘጋ ነው። በ65ም ተሰልፈው ቢዘጉት በ75 ሊሄድ የመጣው ሕዝብ ያንኑ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ቪዲዮው በወሰኑ መንዳት አደገኛ ነው ለሚለው ክርክር ማስረጃ አይሆንም። መንገድ መዝጋት አደገኛ መሆኑን ለማሳየት ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ቀድሞም እናውቀው ነበር።

በቀኝ ሌን በ55 መሄድም ያለ ጣጣ አይደለም፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ከክላርክስተን በኩል ስትገባ ያለውን አስብ። መግቢያው ያልቃል፣ በግራህ ትራክ ከነተሳቢው ግድግዳ ሆኗል፣ ከኋላህ ሌላ መኪና እየገፋህ ነው። ጭነቱን ከሞላ ትራኩ ብቻውን 36 ቶን ነው፣ ላንተ ብሎ አይቆምም። እዚያች ቦታ ላይ ሰሌዳ እያየ በ50 ለመግባት የሚሞክር ሰው ሕጉን አላከበረም፣ ከኋላው ላለው ሰው ወጥመድ ሆነበት። ነዳጅ ረግጦ የሚገባበትን ሌን ፍጥነት ይዞ መግባት፣ ከዚያ ቦታ ሲያገኝ ቀስ ብሎ እግርን ማንሣት ነው። መግባትና መጓዝ የተለያዩ ናቸው።

ስለዚህ የዚያን ዘመን 285 ላይ እንዴት ልንዳ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው ይሄ ነበር። ከቀኝ ሁለተኛውን ሌን ያዝ። 60 ወይም ጥቂት ከፍ በል። ሕጉን በጥቂት ማይል እያለፍክ ነው፣ ያንን እያወቅክ ነው የምታደርገው፤ ትሩፐር ካስቆመህ ክፈል እንጂ አትከራከር። ትራክ የምትነዳ ከሆነ ወይም ነጥብህ ከተከማቸ ቀኝ ጥግ ላይ 55 ሂድ፣ ማንም ምንም ቢል። ከሁሉ በላይ ከፊትህ ካለው መኪና ሦስት ሰከንድ ራቅ። አንድ ምልክት ምረጥ፣ የድልድይ ጥላ ይሁን፤ የፊቱ መኪና ሲያልፈው መቁጠር ጀምር። ሦስት ሳትል ከደረስክ ቀርበሃል። በ75 ሦስት ሰከንድ 100 ሜትር ነው። 285 ላይ 100 ሜትር ክፍት ከተውክ ሰው ይገባበታል። ይግባ። እግርህን አንሥተህ እንደገና ክፈት። ሰው ሲገባብኝ ተሸነፍኩ የሚለው ስሜት ነው ሰውን 80 ላይ የሚያደርሰው፤ ፍሰቱ የሚሉት ግማሹ ይኸው እልህ ነው።

ከፍሰቱ ጋር መሄድ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ? አለ፤ በተለይ ፍሰቱ ከወሰኑ ሲያንስ። ዝናብ ሲጥል ሁሉም በ45 እየሄደ «ወሰኑ 55 ነው መብቴ ነው» ብሎ የሚሽቀዳደም አለ። የጆርጂያ ሕግ ከሁኔታው ጋር የማይመጥን ፍጥነትን ለብቻው ይቀጣል፣ ሰሌዳው ምንም ይበል።

ባለሥልጣኑ በኋላ ያደረገው

የጉዳዩ መፍትሔ ከሾፌሩ እጅ ውጭ ነበር፣ የመጣውም ከዚያው ነው። መንግሥት በአንድ በኩል ቅጣቱን አጠበቀ። ከ2010 ጀምሮ በየትኛውም መንገድ በ85 እና ከዚያ በላይ፣ በሁለት ሌን መንገድ ደግሞ በ75 እና ከዚያ በላይ የተያዘ ሰው ከቲኬቱ ሌላ 200 ዶላር ለክፍለ ግዛቱ ይከፍላል። «ሱፐር ስፒደር» ይሉታል። በሌላ በኩል በጁላይ 2014 ከኋላህ ፈጣን መኪና እየመጣ መሆኑን እያወቅክ ግራ ሌን ላይ አትቀመጥ የሚል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የኋለኛው ሰውዬ ራሱ ከወሰኑ በላይ ቢሆንስ? ልቀቅለት፣ እሱን የሚቀጣው ፖሊስ ነው። የ2006ቱ ዓይነት ሰልፍ ዛሬ ቢሞከር ግራ ሌን የያዘው ልጅ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ወሰኑም ተነካ። በዚያው በ2014 በቀለበቱ ሰሜናዊ ግማሽ፣ ከአውራ ጎዳና ቁጥር 20 በስተሰሜን ባለው ክፍል፣ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ተተከሉ። መንገዱ ጤነኛ ሲሆን 65 ይላሉ። ከፊት መጨናነቅ ወይም አደጋ ካለ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ እስከ 35 ድረስ። ሐሳቡ በ65 የሚመጣውን መኪና ቆሞ ካለ ሰልፍ ጭራ ጋር ሳይጋጭ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ነው። 285ን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከ55 የተሻለ ቁጥር ነው፤ ቢያንስ በዚያች ሰዓት በዚያች ቦታ ላይ ያለውን ነገር አይቶ የተጻፈ ነው።

ወሰን በ10 ማይል ሲጨምር ሰው 10 ማይል አይጨምርም፤ በጥናት ተደጋግሞ የታየው ጭማሪው ከዚያ በጣም እንደሚያንስ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውና መንገዱ ትንሽ ተቀራረቡ። በ65 ወሰን በመሃል ሌን 65 ወይም 68 የሚሄድ ሰው ዛሬ የሚያስቀይም አይደለም። ያ የድሮው ግራ መጋባት አብዛኛው እዚህ ላይ ቀለለ። ለትራክ ሾፌሩም ከባድ ጥፋት የሚጀምረው ከ80 ሆነ፤ እዚያ መድረስ ደግሞ ሳይታወቅ የሚሆን ነገር አይደለም።

የቀረው ቁጥሩ 45 ሲል ነው። መንገዱ ክፍት ይመስላል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሰሌዳው 45 ይላል፣ ሰዉም በ70 እየነጎደ ነው። ብዙው ሰው ሰሌዳው ተበላሽቶ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ እንደዚያ ሲሆን ቀኙን እይዛለሁ፣ 55 ላይ አወርዳለሁ፣ ከፊቴ ያለውን ክፍተት አሰፋለሁ፣ ከኋላዬ ያለው በጣም ከተጠጋ ፍሬኔን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጌ መብራቱን አሳየዋለሁ። ሙሉ በሙሉ 45 የምወርደው ሌሎች ቀይ መብራቶች ከሩቅ ሲታዩኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ሦስት ማይል በኋላ ይታያሉ።